ኋላህን እይ!

ባለፈው ክረምት ነው። አራዳ፣ እኛ ቤት። የጎንደር የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን እንደ ነጋሪት ይጎስመዋል። ውጪ ወጥቶ መጫወት የለም፤ ሰባት ዓመት የሞላት የልጅ ልጄ ደግሞ ቤት ውስጥ ከተዘጋባት ወንበሩም ሶፋውም አይተርፍም። አጎቷ ይህን ያውቃልና በፍላሽ አንድ ፊልም ጭኖ አመጣላት። እኛ ሰፈር ፊልም በፍላሽ መዞር ከጀመረ ቆይቷል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ልማዱ ይብሱን ጠነከረና ፊልም እንደ እርሾ ከቤት ቤት የሚዋዋሱት ነገር ሆነ።

ፊልሙ «ዘ ሊትል ሜርሜይድ» ይባላል። ግማሽ አካሏ ሰው፣ ግማሽ አካሏ ዓሣ የሆነች አሪየል የምትባል የባሕር ንጉሥ ልጅ ታሪክ ነው። ልጅቷ ካርቱኑን ስንት ጊዜ እንዳየችው ቆጥሬ አልጨርሰውም፤ ቋንቋውን ሳታውቅ ዘፈኑን ትዘፍነዋለች። አሁን የመጣላት ግን ካርቱኑ አይደለም። ያንኑ ታሪክ በሥጋ ለባሽ ተዋንያን እንደገና የሠሩት ነው።

ገና አሪየል ብቅ ከማለቷ የልጅቷ ፊት ተለወጠ።

«አባባ፣ ይቺ እኮ አይደለችም።»

«ማን ናት ያልሆነችው?»

«አሪየል! አሪየል እኮ ፈረንጅ ናት!»

ቴሌቪዥኑን አየሁት። ጠይም፣ ዓይኗ ጎላ ጎላ ያለ፣ ጸጉሯ ተገምዶ ጀርባዋ ላይ የወረደ ልጅ እግር ናት። ከካርቱኗ አሪየል ይልቅ ለእኛዋ ልጅ አክስት ትቀርባለች። የልጅ ልጄም ጠይም ናት። ጸጉሯንም እናቷ ትናንት ማታ ነው ሹሩባ የሠራቻት። ታዲያ የምትመስላትን «አይደለችም» ብላ፣ የማትመስላትን «እሷ ናት» ማለቷ ምን የሚሉት ነው? ልቆጣት አፌን ከፈትኩ፤ መልሼም ዘጋሁት። ምን አፍ አለኝና! እኔው ራሴ በእሷ ዕድሜ፣ ከዚሁ ከአራዳ ተነሥቼ ፒያሳ ሲኒማ ቤት ገብቼ የጮህኩትን ጩኸት ራሴ አልረሳሁትም።

ነገሩ ወዲህ ነው።

የፒያሳውን ሲኒማ ቤት የሠራው ጣሊያን ነው። ፋሺስት በ1928 ዓ.ም. ጎንደርን ከያዘ በኋላ «የአማራ ግዛት» ብሎ ላደራጀው አስተዳደር ዋና ከተማ አደረጋት። ዛሬ ከፋሲል ግንብ ወረድ ብለን ቡና የምንጠጣበትን የፒያሳ ሕንጻ አብዛኛውን፣ ፖስታ ቤቱንም ሲኒማውንም፣ ስድስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ነው ያቆመው። ነጭና ጥቁር ተለያይቶ እንዲኖር በሕግ የደነገገ መንግሥት ያንን ሲኒማ ለማን ብሎ እንደሠራው መገመት አያቅትም። ኅዳር 1934 ዓ.ም. ላይ እዚሁ ጎንደር የመጨረሻው የጣሊያን ጦር እጁን ሰጠ። ሰዎቹ ሄዱ፤ አዳራሹና ወንበሩ ለእኛ ቀረ።

አዲስ አበባ ሲኒማን ያወቀችው ከዚያ በፊት ነው። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ የነበረውን ፊልም ማሳያ ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ይለው ነበር። ያ ስም ሲነሣ እንስቃለን፤ ወይ ሞኝነት፣ ወይ ኋላ ቀርነት እንለዋለን። እኔ እንኳ ዕድሜዬ እየገፋ ሲሄድ መሳቁን ትቼዋለሁ። እነዚያ ሰዎች ሌላው ቢቀር ጠርጥረዋል። ግድግዳ ላይ የሚሮጠው ጥላ አንድ ነገር ሊያደርጋቸው እንደመጣ ገብቷቸዋል። እኛ የ1960ዎቹ ልጆች ግን ስሙኒያችንን ከፍለን ስንገባ ምንም አልጠረጠርንም።

ያን ጊዜ ንጉሡ ታርዛን ነበር። ለዛሬ ልጆች መንገር ሳያስፈልግ አይቀርም። ታርዛን ከእንግሊዝ ባላባቶች ተወልዶ፣ አፍሪካ ጫካ ውስጥ ወላጆቹ ሞተውበት ዝንጀሮዎች ያሳደጉት ሰው ነው። ታሪኩን እ.ኤ.አ. በ1912 መጽሔት ላይ ያወጣው አሜሪካዊው ኤድጋር ራይስ ባሮውዝ አፍሪካን በእግሩ ረግጧት አያውቅም። መጀመሪያ ድምፅ የሌለው ፊልም ሆነ። በ1929 ደግሞ ጋዜጣ ላይ በየዕለቱ የሚወጣ የሥዕል ታሪክ ሆኖ ልጆች እጅ ገባ። በ1932 ሥጋ አልብሶ ያመጣልን ጆኒ ዋይዝሙለር ነው። ሰውዬው በ1924 እና በ1928 ኦሊምፒኮች በውኃ ዋና አምስት ወርቅ የወሰደ ነው። ትከሻው የግንብ በር ያህላል። አሥራ ሁለት የታርዛን ፊልም ሠርቷል፤ «አፍሪካ» ተብሎ የታየን ጫካም በአብዛኛው ካሊፎርኒያ ውስጥ የሚገኝ ነበር።

እኛ ምን አውቀን! የደጋ ልጆች ነን። ዝንጀሮ ቢባል የምናውቀው የሰሜን ተራራን ጭላዳ ነው፤ እሱም በገመድ አይንጠለጠልም፣ ሣር ሲነቅል ነው የሚውለው። አፍሪካ የሚባለው አገር ከእኛ ሩቅ የሆነ፣ ጫካውና ወንዙ የበዛበት፣ ሰዎቹም ሌሎች የሆኑበት ይመስለን ነበር።

ታርዛን ወንዝ ዳር ተቀምጧል እንበል። ከበስተጀርባው ቁጥቋጦው ይንቀሳቀሳል። ጦር የያዙ፣ ፊታቸውን የተቀቡ ጥቁር ሰዎች እያደቡ ይመጣሉ። ይኼኔ አዳራሹ ይናወጣል። «ኋላህን! ኋላህን እይ! መጡብህ!» ወንበር ላይ የሚቆመው፣ ጫማውን አውልቆ መሬት የሚደበድበው፣ አጠገቡ ያለውን ልጅ አንገት የሚያንቀው! ታርዛን ድንገት ዘወር ብሎ ያያቸውና አንዱን ብድግ አድርጎ ወንዝ ውስጥ ሲወረውረው ፉጨቱና ጭብጨባው ጃን ተከል ዋርካ ድረስ ይሰማል። ታርዛን የሰማን ይመስለን ነበር። ያተረፍነው እኛ ነን ብለን እየተኩራራን ነው ወደ ቤታችን የምንገባው።

ይህን ታሪክ ለዓመታት ለሰው አውርቼው አላውቅም ነበር። ኋላ ግን አንድ የአገሬ ልጅ ከእኔ ቀድሞ ለዓለም እንደተናገረው አነበብኩ። ኃይሌ ገሪማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 እዚሁ ጎንደር የተወለደው የፊልም ሰው ልጅነቱን ሲያስታውስ፣ በጎንደር ዙሪያ ካሉት ተራሮች ላይ ካውቦይና ቀይ ሕንዶች እየሆኑ ይጫወቱ እንደነበር፣ ሁሉም ካውቦዩን መሆን እንጂ ሕንዱን መሆን እንደማይፈልግ፣ አፍሪካውያኑ ከታርዛን ጀርባ ሲያደቡም እነሱ ታርዛንን ለማስጠንቀቅ እንደሚጮኹ ተናግሯል። ከእኔ በዕድሜ ይቀድማል። ስለዚህ ያ ጩኸት ከታላላቆቻችን የወረስነው ኖሯል ማለት ነው። ሳነብበው እፎይ አልኩ፤ ወዲያውም አፈርኩ።

ይህን የሚለው የማን ልጅ መሆኑ ነገሩን ያከብደዋል። አባቱ ገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው»ን የጻፉ፣ የአርበኞችን ተጋድሎ ለትውልድ ያቆዩ፣ ተውኔት እያዘጋጁ በየአገሩ የሚያሳዩ ሰው ነበሩ። የእሳቸው ልጅ ቤቱ ውስጥ የጎንደሬን ጀግንነት ሲሰማ አድጎ፣ ሲኒማ ቤት ሲገባ ለታርዛን ይጮኻል! የእኛም ቤት ከዚህ የራቀ አልነበረም። በየግድግዳው የአርበኛ ፎቶ ተሰቅሎ ነበር። ከጣሊያን የተማረከ ጠመንጃ አልጋ ሥር ያለው አባትም አይጠፋም። «ቅኝ የተገዛ አእምሮ» የሚለውን ያለቀለት ቃል የምጠረጥረው ለዚህ ነው። እኛ እኮ ማንም ገዝቶን አናውቅም እያልን የምንፎክር ልጆች ነበርን።

ታዲያ ለምን ጮኽን? እኔ ያገኘሁት መልስ ያለው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው።

የጎንደር ልጅ ሥዕል ማንበብ የሚማረው ሲኒማ ቤት አይደለም። የእናቱን ነጠላ ጫፍ ይዞ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ነው። በታላቁ ኢያሱ ዘመን የተመሠረተችውን ደብረ ብርሃን ሥላሴን የጎበኘ ሁሉ ጣሪያውን ያስታውሳል። ከመቶ የሚበልጡ የመላእክት ፊቶች፣ ሁሉም ዓይናቸው የፈጠጠ፣ ሁሉም ወደ ታች ወደ እኛ የሚያዩ። የትም ጥግ ቁም፣ ያዩሃል። ግድግዳው ላይ ግን ሌላም ፊት አለ። በቀድሞ ሠዓሊዎቻችን ሕግ ጻድቅና ደግ ሰው ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይኑ እየታየ ይሣላል። ክፉው፣ ከሃዲው፣ ሰቃዩ፣ ሰይጣኑ ደግሞ በጎን ይሣላል፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሕፃን እንኳ ይህን ለይቶ ያውቃል። ባለ ሁለት ዓይኑ የእኛ ወገን ነው፤ ባለ አንድ ዓይኑን ተጠንቀቅ!

እስቲ አሁን ታርዛንን በዚህ ዓይን ተመልከቱት። ካሜራው ወደ ታርዛን ፊት ይጠጋል። ሲፈራ፣ ሲወድ፣ ቺታ የምትባለው ጦጣ ስትጠፋበት ሲጨነቅ እናየዋለን። ጥቁሮቹ ግን ከሩቅ ነው የሚታዩት፤ በመንጋ ነው፤ ስም የላቸውም፤ የሚናገሩትም ጫጫታ እንጂ ቋንቋ አይደለም። ወደ አንዳቸውም ፊት ካሜራው አይጠጋም። በእኛ ሠዓሊ አነጋገር ሆሊውድ ባለ አንድ ዓይን አድርጎ ሥሏቸዋል። እኛም ቤተ ክርስቲያን በተማርነው ሕግ አነበብነው። ንባባችን አልተሳሳተም፤ ሐሰቱ ያለው ሥዕሉ ላይ ነው።

ኃይሌ ገሪማ አሜሪካ ሄዶ ፊልም ከተማረ በኋላ ዕድሜውን የፈጀው ይህንኑ በመገልበጥ ይመስለኛል። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ1976፣ «ሳንኮፋ»ን በ1993፣ «ጤዛ»ን በ2008 እ.ኤ.አ. ሲሠራ ካሜራውን ወደ ገበሬውና ወደ ባሪያው ፊት አስጠጋው። «ሳንኮፋ»ን የሚያከፋፍልለት ኩባንያ ቢያጣ ራሱ ከከተማ ከተማ ይዞት ዞረ፤ ጥቁር አሜሪካውያንም ተሰልፈው አዩት። «ጤዛ» ቬኒስ ላይ ተሸልሟል፤ በ2009 ደግሞ የአፍሪካ ፊልም ትልቁን ሽልማት ከዋጋዱጉ ይዞ መጥቷል።

ወደ ልጅቷና ወደ ካርቱኗ ልመለስ። ካርቱን ደግነቱ ለሁሉም ሁለት ዓይን መስጠቱ ነው። አይጡም፣ ሸርጣኑም፣ የሻይ ማንቆርቆሪያውም ሳይቀር ዓይን አላቸው፣ ያዝናሉ፣ ይስቃሉ። የሰው ቀለም እንኳ የቀለም ቡሩሽ ጉዳይ ስለሆነ ልጅ ብዙም አይጨነቅበትም፤ ወይም እኛ እንደዚያ እናስባለን። ጭንቁ የሚመጣው ካርቱኑ ሥጋ ሲለብስ ነው። ሥጋ የለበሰ ነገር የአንድ ሰው ፊት ሊኖረው ግድ ነው፤ ያ ፊት የማን ይሁን የሚል ጥያቄም አብሮ ይመጣል።

ተመልካቹ ታዲያ ዝም አይልም። እ.ኤ.አ. በ2019 «ዘ ላየን ኪንግ» የ1994ቱን ካርቱን እውነተኛ አንበሳ በሚያስመስል የኮምፒውተር ሥራ አድሶ መጣ። ከ1.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ቢያስገባም፣ የአንበሶቹ ፊት ደስታም ኀዘንም አይታይበትም የሚለው ወቀሳ ከየአገሩ ጎረፈ። ምን ይደረግ፣ አንበሳ ቅንድብ የለው! የጎረቤታችን ልጅ ከእኛ ጋር ቁጭ ብሎ አይቶት «ይህ ዶክመንተሪ ነው እንዴ?» ነበር ያለው። በዚያው ዓመት ሶኒክ የሚባለው ሰማያዊ የጌምና የካርቱን ገጸ ባሕርይ በፊልም ማስታወቂያ ላይ የሰው ጥርስ የመሰለ ጥርስ ገጥሞ ብቅ ሲል ተመልካቹ ጩኸቱን አቀለጠው። ሠሪዎቹ ደነገጡና መልኩን ከእንደገና ሥለው ፊልሙን ከኅዳር ወደ የካቲት 2020 እ.ኤ.አ. አሸጋገሩት። እኔ ይህን ሰምቼ ቀናሁ። እኛ ያን ያህል ዓመት ጮኸን ለታርዛን አንዲት የጥርስ ለውጥ እንኳ አላመጣንም! እነዚህ በአንድ ማስታወቂያ ስቱዲዮ አናወጡ።

የአሪየል ግን ከጥርስ የከበደ ነው። አሪየልን እንድትጫወት ጥቁር አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ሀሊ ቤይሊ መመረጧ በሐምሌ 2019 እ.ኤ.አ. ሲነገር ተቃውሞው ያኔውኑ ተነሣ። ታሪኩን እ.ኤ.አ. በ1837 የጻፈው ሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን የዴንማርክ ሰው ነውና ልጅቷም ነጭ መሆን አለባት አሉ። ግማሽ አካሏ ዓሣ ለሆነ ፍጡር የዴንማርክ ዜግነት ሲከራከሩ መስማት ያስቃል፤ ያሳዝናልም። በመስከረም 2022 የመጀመሪያው ቅንጫቢ ሲለቀቅ ደግሞ ሌላ ነገር ታየ። ጥቁር እናቶች ትንንሽ ሴት ልጆቻቸው ቅንጫቢውን ሲያዩ ቀረጿቸው። ሕፃናቱ አፋቸውን ይዘው «እኔን ትመስላለች!» ይላሉ። ፊልሙ በግንቦት 2023 ወጥቶ በዓለም ወደ 570 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ። አሜሪካ ውስጥ በደንብ ታየ፤ ቻይናና ደቡብ ኮሪያ ላይ ፊት ነሱት።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የእኔ ጉድ። ክርክሩን ሰምታው የማታውቅ፣ አራዳ ተወልዳ አራዳ ያደገች ጠይም ልጅ «እኔን ትመስላለች» ከሚሉት ጋር ትቆማለች ብዬ ስጠብቅ፣ ከነዚያ «ይቺ አይደለችም» ከሚሉት ጎን ተሰለፈች። ማንም አላስተማራትም። ያየችው ምስል ነው ያስተማራት።

የጥንት የጎንደር ሠዓሊዎች ቢሆኑ ይህ ነገር እንቆቅልሽ ይሆንባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1591 ሮም ላይ የታተመ የዐረብኛ ወንጌል ሥዕሎች ጎንደር ደርሰው ነበር። የእኛ ሰዎች አይተው ቀዱት፤ ሲቀዱት ግን ዓይኑን አጎሉት፣ ልብሱን ለወጡት፣ ፈረሱን የአገር ፈረስ አደረጉት። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከዘንዶ ያዳናት ብሩታዊት እኮ ስሟም እንደሚናገረው የቤይሩት ልጅ ናት። በእኛ ሥዕል ግን የወይዘሮ ልብሷን ለብሳ ዛፍ ላይ ወጥታ ትታያለች። «ኧረ ይቺ የቤይሩት ሰው አትመስልም» ብሎ ከቅኔ ማሕሌት የወጣ ምእመን አልሰማንም። ታሪኩ የመጣው ከውጭ ነው፤ ፊቱን የሰጡት እነሱ ናቸው።

አባባ ተስፋዬም ከአርባ ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተረት ሲነግሩን እንዲሁ ነበር። እሳቸው በአፋቸው ያወራሉ፤ ጅቡን የምንሥለው እኛ ነን። የእኔ ጅብ የአንገረብ ጅብ ነበር። ወንዙን ተሻግሮ ሌሊት ሲጮህ እሰማዋለሁ። የሐረሩ ልጅ ደግሞ የራሱ ጅብ ነበረው። በ1999 ዓ.ም. የጀመረችው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ቀጭኔም ቢሆን አማርኛ ተናጋሪ ናት፤ ቀጭኔዋን «ፈረንጅ ናት» ያለ ልጅ አልገጠመኝም። ነገር ግን በሳምንት አንዴ ከምትመጣ ቀጭኔ ጋር የሚፎካከረው ቀን ከሌት የሚለፈልፈው ዲሽ ነው። ልጄን፣ የዚህችን እናት፣ ያሳደጋት ግማሹ የዐረብ ሳት የልጆች ቻናል ነው ብል ብዙ አልዋሸሁም። እኔም እኮ ሥራ ሲበዛብኝ ሪሞቱን የምሰጣት እኔው ነበርኩ።

ያን ቀን ታዲያ አልተቆጣኋትም። «እስቲ ቁጭ በይና እንያት፤ ካላማረችሽ እናጠፋዋለን» አልኳት።

አኮረፈች። ሶፋው ጫፍ ላይ እግሯን አጣጥፋ ሁሉንም ማጣጣል ጀመረች። ዓሣው ጓደኛዋ ካርቱኑ ላይ ጉንጩ የሞላ ነበር፤ እዚህ ላይ ከገበያ የተገዛ ዓሣ ነው የሚመስለው፤ «አሞታል እንዴ?» አለችኝ። ሸርጣኑም አስጠላት። በዚህ በኩል ፍርዷን እቀበላለሁ፤ ዓሣው በእርግጥ ያመመው ይመስል ነበር። አሪየል መዝፈን ስትጀምር ዝም አለች። ካሜራው ወደ ልጅቷ ፊት ተጠጋ፤ ሁለቱ ዓይኖቿ ቴሌቪዥኑን ሞሉት። ጠንቋይዋ ድምፅዋን ቀምታ ስትወስድባት የልጅ ልጄ ከሶፋው ወርዳ ምንጣፉ ላይ ነበረች። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ቴሌቪዥኑን በአፍንጫዋ ልትነካው ምንም አልቀራት።

ጠንቋይዋ መልኳን ለውጣ፣ ቆንጆ ፈረንጅ ሆና መጣች። የተሰረቀው ድምፅ አንገቷ ላይ ባንጠለጠለችው ዛጎል ውስጥ ነው። ልዑሉ ፈዞ ያያታል፤ ያዳነችኝ ይቺ ናት ብሎ አምኗል። ይኼኔ ልጅቷ ብድግ!

«እሷ አይደለችም! ጠንቋይዋ ናት! አንገቷን እይ! አንተ፣ አንገቷን እይ!»

ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነው የምትጮኸው። ያ ጩኸት የት እንደማውቀው እኔ ነኝ የማውቅ። እናቷ ከጓዳ ደንግጣ ወጣች። «ምን ሆነች?» ስትለኝ በእጄ ዝም በይ አልኳት።

መብራቱ ጥርግ ብሎ ጠፋ። ቤቱ ጨለመ፤ የቆርቆሮው ድምፅ ብቻ ቀረ። ሻማውን ፍለጋ መሳቢያውን ስዳብስ ከቴሌቪዥኑ ሥር ድምፅዋ መጣ።

«አባባ፣ ሰምቶኝ ይሆን?»